ሣር የሚግጠው የጌታነህ ተዝካር

የትናየት የባሏን ተዝካር በላች ይባላል። ወገዳ ገበያ ሄዳችሁ ጨው ሻጩን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ጨው ከገዛችሁት ደግሞ ጨምሮበት ይነግራችኋል። በሩን ዘግታ ብቻዋን በላችው የሚል አለ። ከነቅልጥሙ፣ ቋንጣውን እንኳ ለጎረቤት ሳታቀምስ ጨረሰችው የሚልም አለ። አንዷማ አጥንቱን ስትቆረጥም በግድግዳው ስንጥቅ አይቻለሁ ብላ ምላለች፤ የየትናየት ቤት ግን ባለፈው ክረምት በደንብ ስለተመረገ ስንጥቅ የለውም።

ሐሰት ነው። ተዝካሩን ማንም አልበላውም። እንዲያውም ዛሬ ጠዋት ከወንዝ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኝተናል። ደህና ነው። ወፍሯል። ጅራቱን እየወዘወዘ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ አልፎኝ ሄደ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሟቹ ልጀምር።

ጌታነህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተዝካር ወዳድ ሰው ነበር። በስማዳም ይሁን በእስቴ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ አርባውን የሚቆጥር እሱ ነው። ዝናብ አይመልሰው፣ ጭቃ አይመልሰው። አንድ ጊዜ ታች ጋይንት ድረስ ተሻግሮ የማያውቀውን ሰው ተዝካር በልቶ መጣ። "ሟቹ ማን ነበር?" ብለው ቢጠይቁት "እጁ የማያጥር ሰው" አለ። ባጭሩ ጌታነህ በዕድሜው ያመለጠው ተዝካር የራሱ ብቻ ነው። ታዲያ እሱ ሲሞት ያበላው ሁሉ ሊበላ ተነሣ። የሦስት ወረዳ ሰው እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ቀን መቁጠር ጀመረ።

ጌታነህ የተወው ከብት ሁለት ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ የሚያርስበት ቡሬ የተባለ በሬና አንዲት ጊደር። ታናሽ ወንድሙ ማርቆስ ገና ለቅሶው ላይ ድልድሉን ጨርሶታል፤ ቡሬ ለአርባው፣ ጊደሯ ለሙት ዓመቱ። ለየትናየት የነገራት የለም። የሰማችው ቀብር ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ቡሬ ሻኛ ሲጨቃጨቁ ነው።

የትናየት ዝምተኛ ናት። ዝም ስትል ግን አትተኛም፣ ታስባለች፤ ይኼ ደግሞ በሰፈራችን የታወቀ አደጋ ነው። የነፍስ አባቷ አባ ልመንህና ማርቆስ የአርባውን ነገር ሊማከሩ ቤቷ ሲመጡ አስባ ጨርሳ ነበር።

"አባቴ፣ ተዝካር ለማን ነው?" አለቻቸው።

"ለነዳያን ነው እንጂ ልጄ። ድሃ ሲጠግብ ለነፍስ ይደርሳል።"

"ድሃው ይጠግባል?"

አባ ልመንህ ጢማቸውን ያዙ።

"ባለፈው፣ በነአወቀ ቤት ተዝካር፣ እማ ዓለሚቱ ከደጅ ተቀምጠው ነበር" አለች የትናየት። "የደረሳቸው የወጡ ሽታ ነው። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰውማ ከመጣም በኋላ አልራበውም፣ ከመምጣቱ በፊትም አልራበውም። ማርቆስ ምስክር ነው። እሱ ውስጥ ነበር።"

"ምን ልትይ ነው?" አለ ማርቆስ።

"ቡሬ ይሸጥ። በዋጋው ቄብ ዶሮ ይገዛና ለችግረኛው ይሰጥ። ዶሮዋ ነገም ከነገ ወዲያም ትጥላለች።"

"ኧረ ወዲያ! ወንድሜ ምን በደለ? በሬ የሚያህል ሰው በዶሮ ይታሰብ?"

"ድሃው በዶሮዋ ካለፈለት ለጌታነህ ይደርሰዋል።"

"ካላለፈለትስ?"

የትናየት እዚህ ላይ ነው ሦስት ወረዳ የሚያስቸግረውን ቃል የተናገረችው። "እሱንማ አላውቅም። እናያለን" አለች።

ይህች "እናያለን" ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ ፕሮጀክት ነበር። ከወዲያ ማዶ ላሉት ችግረኞች በግ ሰጠ። ለወዲህ ማዶ ምንም አልሰጠም፤ ቤቲ የምትባል ልጅ ብቻ ታብሌት አስይዞ ሰደደ። ቤቲ በየዓመቱ እየመጣች የትናየትን ትጠይቃታለች። ባለፈው ሳምንት ምስር በልተዋል ወይ? ጣራው ያፈሳል ወይ? ዶሮ አለዎት ወይ? የትናየት ትመልሳለች፣ ቤቲ ትነካካለች፣ አንድ ሳሙና ትሰጣታለች፣ ትሄዳለች።

አንድ ዓመት የትናየት "ልጄ፣ ለዚያ ማዶ በግ፣ ለኔ ጥያቄ፤ ምን አጥፍቼ ነው?" አለቻት።

"ኧረ ምንም እማማ! እርስዎ ማነጻጸሪያ ነዎት። በግ የተሰጣቸው በበጉ ተሻሽለው እንደሆነ የምናውቀው ካልተሰጣቸው ጋር አይተን ነው። ዝናቡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሊሻላቸው ይችላል እኮ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ውሻ ይለቅባት ነበር። የትናየት ግን ነገሩ ደስ አላት። በዕድሜዋ "ሰጠሁ" የሚል ብዙ አይታለች፣ የሰጠው ነገር ምን እንዳደረገ ተመልሶ የሚጠይቅ አላየችም። ፕሮጀክቱ በኋላ ድንገት ተነሥቶ ሄደ። ውጤቱን የነገራት የለም። እሷ ግን "ማነጻጸሪያ ነበርሁ" ስትል ሰው ባላምባራስ ነበርሁ የሚል ይመስል ነበር።

እናም ለአባ ልመንህና ለማርቆስ ሐሳቧን አስረዳች። ዶሮው ለችግረኛው ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ዕጣ ይጣል። ግማሹ ይሰጠው፣ ግማሹ ይቅር። በሙት ዓመቱ ሁለቱ ይታዩ። የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ተሽለው ከተገኙ ጊደሯም እንዲሁ ለድሃ ትሄዳለች። ካልተሻሉ ጊደሯ ትታረድ፣ ሦስት ወረዳ ይምጣና ይብላ።

ማርቆስ ቶሎ ተስማማ። የተስማማው ዶሮን ስለሚያውቅ ነው። ሸለምጥማጥንም ስለሚያውቅ ነው። "ዓመት ምን አላት" አለና ጊደሯን በዓይኑ ለክቶ ወጣ።

ቡሬ ተሸጠ፣ አርባው በጸሎተ ፍትሐትና በመክፈልት ብቻ ዋለ፤ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ዕጣው ሚካኤል ደጅ ተጣለ። ችግረኛው ሁሉ የየራሱን ምልክት ሰጠ፤ ማን ቁልፍ፣ ማን የባቄላ ፍሬ፣ ማን የአገዳ ቁራጭ። በጋቢ ጫፍ ተቋጥሮ፣ የማን የማን እንደሆነ ያላዩት አባ ልመንህ እያወጡ ጠሩ። የወጣለት ዶሮውን እያቀፈ ሄደ። ጥላዬ፣ ያ እግሩን የሚያመው፣ ከተጠሩት አንዱ ነበር፤ በደስታ እግሩን ረስቶ ዘለለ፣ ወዲያው ትዝ ብሎት አነከሰ። የእማ ዓለሚቱ ጠጠር ግን ጋቢው ውስጥ ቀረች።

እማ ዓለሚቱ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ አሮጊት ናቸው። አኮረፉ። የትናየት ልታጽናናቸው ሮጣ ሄደች።

"እማ ዓለሚቱ፣ አይዘኑ። እርስዎ ማነጻጸሪያ ነዎት።"

"ምንድን ነው እሱ?"

የትናየት ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ማርቆስ የዶሮ ቅርጫቱ ተገለበጠ ብሎ ጠራት። እማ ዓለሚቱ ዞረው አባ ልመንህን ጠየቁ። አባ ልመንህ ግእዝ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ የሚጠይቃቸው ጥቂት ስለሆነ።

"ማነጻጸሪያ… እም… 'ነጽሐ' ካለው ግስ ይወጣል። ነጽሐ፣ ንጹሕ ሆነ። መንጻት፣ ማንጻት፣ ማነጻጸሪያ። የሚነጻ ማለት ነው።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። "እንዲያውም ጸ ሁለት ጊዜ ስለተደገመ፣ ደጋግሞ የሚነጻ።"

እማ ዓለሚቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ያየ ሰው ያቺ ስታጉረመርም የነበረች አሮጊት ናት አይልም፤ የመነኮሱ ነው የሚመስሉት።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። ለካ ዶሮ የተሰጣቸው ምስኪን ስለሆኑ ነው፤ ያልተሰጣቸው ግን እንዲነጹ ተመርጠው ነው! የመረጣቸውም ሰው አይደለም፣ ዕጣ ነው፤ ያውም ሚካኤል ደጅ፣ ያውም በቄስ እጅ። በዚያው ሳምንት "ንጹሐን" የሚል ስም ወጣላቸው። ለንጹሕ የሰጠ በረከቱ እጥፍ ነው ተባለና ገብስ የሚሰፍርላቸው፣ ባቄላ የሚያመጣላቸው፣ ማሳ የሚያርምላቸው በዛ። እማ ዓለሚቱ ጋ ጥርሱን የሚያመው ሁሉ ይመጣል። እሳቸውም ጉንጩን በእጃቸው እየዳበሱ "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ያነጹኝ እነሱ ናቸው" ይላሉ፤ ገብሱን ግን ወደ ጎታው ያስገባሉ። ማርቆስ እንኳ መንጋጋው ያበጠ ጊዜ በሚስቱ በኩል ጭብጦ ልኳል፤ ኋላ ግን አላኩም ብሎ ካደ።

የትናየት ይህንን ሁሉ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ማየት ነው። በየጊዜው እየዞረች ሁለቱንም ወገን ታያለች። ዶሮ ያላቸው ቤት ገብታ "ዶሮዋ እንዴት ናት? ልጆቹ እንቁላል ቀመሱ?" ትላለች። ዶሮ የሌላቸው ቤት ገብታ ጎታውን ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትወጣለች። ሰው ይህን ሲያይ ምን ያህል እንደነጹ ልትመረምር ነው አለ።

ዶሮ የተሰጣቸውማ መከራቸውን አዩ። በበዓል ቀን ደጀ ሰላም ቢቆሙ "አንተ ዶሮ አለህ" ተብለው ይታለፋሉ። ያልታሰበ ዘመድ ይመጣባቸዋል። አንድ ቀን ጥላዬ ዶሮውን በብብቱ ይዞ እያነከሰ የትናየት ደጅ ደረሰ።

"እቴ የትናየት፣ ዶሮሽን እንኪ።"

"ምን አደረገችህ?"

"እሷማ ምን ታደርጋለች፣ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን አማቴ ይበላል። 'ዶሮ ያዝክ ሲሉ ሰማን' ብሎ ከእስቴ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ይኸው እስካሁን እየጠየቀኝ ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?"

"አንጺኝ።"

"ምን?"

"እኔንም እንደነሱ አንጺኝ።"

"ጥላዬ፣ ጠጥተሃል? አንተ ዕጣ ወጥቶልሃል። ተቀባይ ነህ። እነሱ ማነጻጸሪያ ናቸው። ከተቀላቀላችሁ እኔ በምን አያለሁ?"

"እንዲያ ከሆነ እኔ ከነኃጢአቴ ልቅር?" አለ ጥላዬ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የትናየት ኃጢአት እዚህ ውስጥ ምን እንዳስገባው አልገባትም። ጠጥቷል ብላ ሸኘችው። ጥላዬ ግን ከዚያ ሲመለስ በእማ ዓለሚቱ በር አለፈ፤ ዶሮውን ከበሩ ግንድ ጋር አሰረና "በጸሎትዎ አይርሱኝ" ብሎ ሄደ። አማቱ በማግስቱ ወደ እስቴ ተመለሰ። ጥላዬ ይህንን ለሰው ሁሉ ተአምር ብሎ አወራው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው። ዶሮ የተሰጠው ሁሉ ዶሮውን እያቀፈ ወደ ንጹሐን። ማርቆስ ተስፋ ያደረገበት ሸለምጥማጥ እንኳ ግራ ገብቶት የከረመ ይመስለኛል። የትናየት ዶሮዎቹ ቦታ መለወጣቸውን አየች። ልትከለክል ብድግ ብላ ነበር፤ ግን ቤቲ ትዝ አለቻት። ቤቲ ዝናብ በጣራ ሲያፈስስ እያየች፣ "ያፈሳል" ብላ ነክታ የምትሄድ ልጅ ነበረች። እንግዲህ የማየት ሥርዓቱ ይህ ነው፣ የሚያይ ጣልቃ አይገባም ብላ ተቀመጠች። እንቅልፍ ግን አጣች። በባሏ ነፍስና በጊደሯ የተያዘ ነገር ነው፤ ዶሮው ድሃውን ካልረዳ ቡሬን በከንቱ ሸጣለች፣ ጌታነህም በሬውንም የድሃውንም ጸሎት አጥቶ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።

ሙት ዓመቱ ደረሰ።

ፍትሐቱ እንዳለቀ ሕዝቡ በወይራው ሥር ተሰበሰበ። ጊደሯ ከግንዱ ታስራለች። ከስማዳም፣ ከእስቴም፣ ከጋይንትም ሰው መጥቷል፤ የራሱን ቢላ ስሎ የመጣም ነበር። የትናየት ከመካከል ቆመችና ያየችውን ተናገረች። ምንም አልደበቀችም።

"ዶሮ የተሰጣቸው ዶሮ የላቸውም። ዶሮ ያልተሰጣቸው ዶሮ አላቸው። ጫጩትም አላቸው። ጎታቸውም ሞልቷል። እማ ዓለሚቱ ወገዳ እንቁላል ያወርዳሉ።"

"ሰማችሁ!" ብሎ ዘለለ ማርቆስ። "የሰጠችው ደኸየ፣ የነፈገችው ከበረ! በራሷ አፍ! ድሃን የሚጎዳው መስጠት ነው ማለት ነው። በማስረጃ! በሉ ጊደሯን ፍቱ!"

ቢላዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

"ቆዩ" አሉ አባ ልመንህ። ፊታቸው ቀልቷል። "አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ለስብሰባ ንፋስ መውጫ ሄጄ ከትምህርት ጓደኛዬ ከመሪጌታ ካሳ ጋር ተገናኘን። የደብራችንን ንጹሐን ነገር ብነግረው ጥምጥሙ እስኪፈታ ሳቀብኝ። ማነጻጸሪያ 'ነጽሐ' ካለው አይወጣም። 'ነጸረ' ካለው ነው። ነጸረ… አየ፣ ተመለከተ። ልጆቼ፣ በአንዲት ፊደል ተሳስቻለሁ።"

የትናየት ዓመቱን ሙሉ የሆነውን ነገር ያን ጊዜ ገባት። የጥላዬ እንባ፣ የኃጢአቱ ነገር፣ የዶሮው ስደት፣ ሁሉም። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ ያወቀ የለም።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እማ ዓለሚቱ ዞረ።

"ታዲያ አልነጻሁም አባቴ?" አሉ አሮጊቷ።

"እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። በዚህ ቃል ግን… ታይተሻል እንጂ አልነጻሽም።"

እማ ዓለሚቱ ትንሽ አሰቡ። "መታየቱስ ምን ይወጣለታል?" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ በር ላይ ስቀመጥ ማን አይቶኝ ያውቃል?"

ይህችን ለማፍረስ ማርቆስ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ነጹም ታዩም፣ ውሉ ውል ነው! የተሰጣቸው አልተሻሉም። ጊደሯ ትታረድ!"

"ልክ ነው" አለች የትናየት። "ውሉ ውል ነው። ትታረድ።"

ሰው ሁሉ ተንፈስ አለ።

"ግን ባለፈው ያበላሸነውን አሁን አናበላሽም" ብላ ቀጠለች። ነጠላዋን ዘርግታ ጫፉን ያዘች። "እዚህም ዕጣ ይጣላል። ሥጋው ለሁላችሁም አይበቃም፤ ግማሻችሁ ይበላል፣ ግማሻችሁ ይታያል። በሉ፣ ምልክታችሁን አምጡ።"

 ሰው ሁሉ በሆዱ ማስላት ጀመረ። የበላ አንድ ቀን በላ። የታየ ግን… ሁሉም እማ ዓለሚቱን ቀና ብሎ አየ። ነጠላቸው አዲስ ነው። ጫማም አድርገዋል።

ከእስቴ የመጣ ባለ ቢላ ቢላውን ወደ አፎቱ መለሰ። "አንተ ብላ" አለው ጎረቤቱን።

"ኧረ አንተ ብላ። ከሩቅ የመጣኸው አንተ ነህ።"

"እኔስ በልቼ ነው የመጣሁት። እኔ ልታይ።"

"አይ፣ እኔ ነኝ የምታየው፣ ቀድሜ ነው የተናገርኩት!"

ጥላዬ ዕጣው በስሕተት እንዳይወጣለት ኪሱን ገልብጦ አንድም ጠጠር እንዳልያዘ ለሰው ሁሉ ያሳያል። የየትናየት ነጠላ ባዶውን እንደተዘረጋ ቀረ። ከሦስት ወረዳ ሰው አንዲት ቁልፍ፣ አንዲት ባቄላ አልወደቀባትም። ሁሉም ላለመብላት ሲጋፋ ጊደሯ ገመዷ እስከፈቀደላት አንገቷን ዘርግታ የወይራውን ሥር ሣር መጋጥ ጀመረች።

ማርቆስ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ ያሁኑ የምሩን ነበር። "የትናየት፣ ተይ" አላት። "ሆዴ ነው ብትይ ልክ ነሽ፣ ሆዴም ነው። ግን ወንድሜ ዓመት ሙሉ በዚያ በሰማይ እጅ እጃችንን እያየ ነው። ለሌላው ሰው ተዝካሩ ደረሰለት፣ የሱ ብቻ ቀረ። ከሰው በታች አደረግሽው። ተዝካር ለነፍስ እንደሚደርስ አታውቂም?"

የትናየት ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገች። አጠገቡ መጥታ ቁጢጥ አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኋላ የቆመው ግን ጆሮውን ቀስሮ ሰምቷታል።

"ማርቆስ፣ ለኔም ባሌ ነው። እንዲደርሰው ከናንተ ሁሉ አብልጬ የምፈልገው እኔ ነኝ። ግን መድረሱን የማውቀው ተዝካር ከወጣለት ሰው አጠገብ ተዝካር ያልወጣለት ሳይ ነው።" ቀና ብላ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ማርቆስን፣ አባ ልመንህን፣ ባለ ቢላዎቹን። "እስቲ ከእናንተ መካከል ያለ ተዝካር የሚሞትልኝ ማን ነው?"